ጳጉሜ የሌለው ቅጽ

የወንድሜ ሴት ልጅ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ነው። ቤታችን ውስጥ ይህን ቀን የሚረሳ የለም። ዕለቱ ሩፋኤል ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች በዝናቡ ሊጠመቁ ደጅ ወጥተው ሲጯጯሁ እናቷ ምጥ ላይ ነበረች። እናታችን፣ ማለትም የልጅቷ አያት፣ እስከ ዛሬ «በጠበል ቀን የመጣችልኝ» ነው የምትላት።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ጎጀብን ተሻግሬ ቦንጋ ስገባ ግን ቤቱ በዚሁ ቀን ምክንያት ተበሳጭቶ አገኘሁት። ልጅቷ ለስምንተኛ ክፍል ተመዝግባለች፤ ታትሞ በተሰጣት ወረቀት ላይ የልደት ቀኗ መስከረም 3 ቀን 2005 ይላል። እናቷ ወረቀቱን ይዛ ወደ መዝጋቢዋ ተመልሳ ነበር። መዝጋቢዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የኮምፒውተሩን ፊት አዙራ አሳየቻት። ወር የሚመረጥበት ዝርዝር ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያልቃል። አሥራ ሁለት ወር፣ በቃ።

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ፤ ጳጉሜ የሚል የለውም» አለቻት።

ጳጉሜ ለተወለደ ሁሉ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ቀኑን 3 እንዳለ ትታ ወሩን ወደ መስከረም አሻገረችው። መስከረም ከሆነ ደግሞ ዓመቱ መዞር አለበትና 2004 የነበረው 2005 ሆነ።

የአምስት ቀን ልዩነት ይህን ያህል ምን ያስቆጣል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በእርግጥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለቱም ቀኖች በመስከረም ወር 2012 ላይ ናቸው፤ አንደኛው 8፣ ሌላኛው 13። በእኛ አቆጣጠር ግን ልጅቷ በልደት ምስክር ወረቀቷ የ2004፣ በትምህርት ቤት መዝገቧ የ2005 ሆናለች። ልጅ ያሳደገ ሰው የዚህን መጨረሻ ያውቀዋል። ዛሬ ማንም ነገሬ ሳይለው ያልፋል፤ ከዚያ የፈተና ምዝገባ ይመጣል፣ ከዚያ መታወቂያ፣ ከዚያ ፓስፖርት። ያን ጊዜ ከመስኮት ወዲያ ያለው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ «የትኛው ነው እውነቱ?» ይላል፤ እናንተም ልጃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ መወለዷን ለማስረዳት ምስክር ትፈልጋላችሁ። ቦንጋ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮውም ቅጹም በዝቷል። ቅጽ በበዛ ቁጥር አንድ የተሳሳተ ቀን የሚጓዝበት መንገድም ይበዛል።

የልጅቷ ታላቅ ወንድም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናል። ነገሩን ሰምቶ «እኔ እሠራዋለሁ» አለ። «ጳጉሜ ያለው ቅጽ ሠርቼ እወስድላቸዋለሁ።» ሁለት ሌሊት ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ አመሸ። መብራት ሲሄድ ይተኛል፣ ሲመጣ ይነሳል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና እየተቆላ ሳለ አባቱ መነጽሩን አድርጎ ከኋላው ቆመ። ጋሼ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከኩረጃ ጋር ሲዋጋ የኖረ፣ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠሩ ማን ከማን እንደ ቀዳ በእጅ ጽሑፋቸው የሚያውቅ። ገና ጎንበስ ከማለቱ ያየው ነገር አላስደሰተውም።

«ይሄ የማን ስም ነው?»

«የጻፈው ሰውዬ ነው፣ አባዬ።»

«የጻፈው? የምትጽፈው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ልጁ ዝም አለ። ጋሼ ዝቅ ብሎ ማንበቡን ቀጠለ። ፋይሉ አናት ላይ ኪት ዉድ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር መሆኑ ተጽፏል። «የእኛን የዘመን አቆጣጠር ፈረንጅ ጽፎልህ አንተ ገለበጥከው?» አለ። ቀጥሎ ሌላው ፋይል ላይ ዓይኑ አረፈ። በየመስመሩ የዶላር ምልክት አለበት። «ደግሞስ ይሄ ሁሉ ዶላር ምንድነው? በዶላር ነው የምትከፍለው?»

ሳቄ መጣ፤ ጋሼ ግን አልሳቀም። ጥያቄው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበልና የወንድሜ ልጅ ያስረዳንን እኔ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ካለ ይህ ነገር አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ድረ ገጽ እንደ ጭቃ ቤት ነው ብላችሁ አስቡ። ምሰሶውና ማገሩ አንድ ቋንቋ አለው፤ ጽሑፉን፣ ሣጥኖቹን፣ ርዕሱን የሚያቆመው እሱ ነው። ልስኑና ቀለሙ ሌላ ቋንቋ አለው። በሩን ስትገፉት የሚከፈተው፣ ማብሪያውን ስትጫኑት የሚበራው፣ ማለትም ገጹን ሲነኩት መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው ደግሞ ጃቫስክሪፕት የሚባለው ነው። ይህን ቋንቋ ብሬንዳን አይክ የተባለ ሰው ኔትስኬፕ በሚባል ኩባንያ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሥር ቀን ነው የሠራው ይባላል። በአሥር ቀን የተሠራ ነገር ደግሞ እንደምትገምቱት ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ አመጣ።

ትልቁ ጣጣ ድረ ገጽ የምንከፍትባቸው ብራውዘሮች ነገር ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ፣ ኦፔራ፣ ሁሉም ጃቫስክሪፕት እናውቃለን ይላሉ፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ዘዬ ነበረው። «ሰውዬው ይህን ቁልፍ ሲነካ ያንን ሣጥን ክፈት» የሚለውን ለአንዱ በአንድ አነጋገር፣ ለሌላው በሌላ አነጋገር መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ካልሆነ ገጹ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፣ ጅማ ላይ ይቆማል። ቦንጋ ገበያ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ በካፊኖኖ ይጠይቃል፣ አንዱ በኦሮምኛ ይመልሳል፣ ሌላው በአማርኛ ይከራከራል፤ ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው መሀል ከገባ ግን ነገሩ በአንድ ስኒ ቡና ያልቃል።

ያ መሀል ገቢ ጄኩዌሪ ነው። ጆን ሬሲግ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በ21 ዓመቱ ሠርቶ ጥር 6 ቀን 1998 ኒውዮርክ ውስጥ በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ይፋ አደረገው። ፕሮግራመሩ አንድ ጊዜ በአጭሩ ለጄኩዌሪ ይነግረዋል፤ ጄኩዌሪ ለየብራውዘሩ በየዘዬው ያስረዳለታል። መፈክሩም «ትንሽ ጻፍ፣ ብዙ ሥራ» የሚል ነው። የዶላር ምልክቱም የተመረጠው ለዚሁ ነው። «ጄኩዌሪ ሆይ» ብሎ በሙሉ ስም ከመጥራት ይልቅ አንድ ምልክት ብቻ እንዲበቃ። ክፍያ የለበትም። የቁልምጫ ስም ነው በሉት።

እንዲህ ያለውን ለሌላ ሰው እንዲያገለግል ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ ፕሮግራመሮች ላይብረሪ ይሉታል። ጄኩዌሪ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ምንጩ ክፍት ነው ማለት ነው። ማንም አውርዶ ያነበዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ጉድለት ካገኘ አርሞ ይመልሳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እጃቸውን አስገብተውበታል፤ ደቦ ነው። ዛሬም ከዓለም ድረ ገጾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውስጥ አለ። ሙሉ ፋይሉ መቶ ኪሎባይት አይሞላም። በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከሃያ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የወንድሜ ልጅ አንድ ጊዜ አውርዶ ፍላሽ ላይ አስቀምጦታል፤ ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራበታል።

ጋሼ እዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰማ። «እሺ» አለ። «በነጻ ሰጡህ። የሰጡህስ ለምንድነው?»

ቡናውን የምትቀዳው የልጁ እናት ናት የመለሰችለት። «ቡናውን ከዚህ ሲወስዱስ ማን ከፈለን? እንዲሁ አይደል የሄደው?»

ሁላችንም ስኒያችንን አየን። እውነቷን ነው። የዓለም ሰው ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ይህ ተክል ያለ ተካይ የበቀለው እዚሁ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ ነው። ግን ስሙን ተመልከቱ። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ ቡናውን ያወቀው በዐረቦች በኩል ስለነበረ «አረቢካ» አለው። አንዳንዶች «ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ ነው የመጣው ይላሉ፤ የቋንቋ ሰዎች ደግሞ ከዐረብኛ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ ለጊዜው ይቆየን። በየመደብሩ ማሸጊያ ላይ ተጽፎ የሚነበበው ግን አረቢካ ነው።

ልጁ ይህን ይዞ ተነሳ። «ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው አክስቴ» አለኝ፤ አባቱን ፊት ለፊት ለመናገር ስለፈራ በእኔ በኩል መሆኑ ነው። እነዚህ ላይብረሪዎች ፈቃድ አላቸው። የጄኩዌሪ ፈቃድ ኤምአይቲ የሚባለው ነው፤ ሁለት መቶ ቃል የማይሞላ አጭር ጽሑፍ። ውሰዱ ይላል፣ ለውጡት፣ ከፈለጋችሁም የሠራችሁበትን ሽጡት። በምላሹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። የባለቤቱን ስምና ይህን ፈቃድ ከኮዱ ላይ አታጥፉ። «ለዚህ ነው ስሙ አናቱ ላይ ያለው። ያ ስም ባይኖር ነበር ሌብነት።»

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። ተማሪ የቀዳበትን ልጅ ስም በራሱ ወረቀት ላይ ጽፎ ሲያስረክብ አይቶ አያውቅም።

ስሙ አናቱ ላይ ያለው ኪት ዉድ ማን ነው? ለጄኩዌሪ ብዙ ተጨማሪ መሣሪያዎች የሠራ ፕሮግራመር ነው፤ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስተምር መጽሐፍም በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ከሥራዎቹ አንዱ የቀን መምረጫ ነው። ቅጽ ላይ የልደት ቀን የሚለውን ስትነኩ ብቅ የምትለዋ ትንሽ ካላንደር ማለት ነው። ብራውዘሮች በራሳቸው ይዘውት የሚመጡት ቀን መምረጫ የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው የሚመዘግበው። እሱ ግን የእስላሙን፣ የዕብራውያኑን፣ የፋርሱን፣ የቅብጡን፣ የኔፓሉን ሌላም ሌላም ጨመረበት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያን። ከነአሥራ ሦስተኛው ወር። የወሮቹና የቀኖቹ የአማርኛ ስምም ለብቻው በአንድ ትንሽ ፋይል ተዘጋጅቶለታል። ከዚህ ከተማ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ጳጉሜን አልረሳም። የረሳው እዚሁ እኛው ዘንድ የተሠራው ቅጽ ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ አፍሬያለሁ።

የልጁ ካላንደር ተከፍቶ ሲታይ ያምራል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጳጉሜ ይመጣል፤ አምስት ቀኖች ብቻ ያሉት አጭር ረድፍ። ልጅቷ መጥታ 3ን ነካችው፣ ዓመቱን 2004 አደረገች፣ ገባላት። እልል ማለት ቀራት።

ያን ጊዜ ነው እናታችን ከምድጃው አጠገብ «እስቲ የጎረቤቶቹን ልጅ አስገባልኝ» ያለችው። የጎረቤት ልጅ የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትመጣዋ ቀን ናት፤ ሰፈሩ ይቀልድበታል፤ ልደቱን በአራት ዓመት አንዴ ነው የምናከብርለት ይላሉ። ልጁ 2015 አለ፣ ጳጉሜ አለ፣ ስድስተኛዋ ቀን ካላንደሩ ላይ አለች፣ ነካት። ገጹ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል።

«እንዴት የለም?» አለች እናታችን። «ልጁ ያውና ደጅ ይጫወታል።»

የወንድሜ ልጅ ደነገጠ። ቶሎ ብሎ 2016 አደረገና ጳጉሜ 6ን በእጁ ጻፈው። ገጹ ያለ ምንም ተቃውሞ ተቀበለው።

«በየትኛው ዘመን?» ጠየቀችው።

«በ2016፣ እማማ።»

«የማን ዘመን ነው ያልኩህ?»

አላወቀም። እሷ ፊደል የቆጠረች ሴት አይደለችም፤ ግን ሰማንያ ዓመት ሙሉ በየዐውደ ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቆማ የዘመኑን ባለቤት ስም ስትሰማ ኖራለች። «2016 ዮሐንስ ነበር። ዮሐንስ ስድስት የለውም። ስድስት ያለው ሉቃስ ነው፤ ሉቃስ ደግሞ ከእሱ በፊት ነው።»

ጋሼ እርሳስ አነሳ። ይህ የእሱ ሜዳ ነው። 5500 ዓመተ ዓለምን ከ2015 ጋር ደመረ፤ 7515 ሆነ። ለአራት አካፈለ፤ ቀሪው ሦስት ነው። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። «ሉቃስ ነው፤ ትክክል ናት።» ቀጥሎ የኪት ዉድን ፋይል ክፈት አለው። ሁለቱ አቀርቅረው ፈለጉና ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመት የሚለየውን መስመር አገኙት። ዓመቱን ለአራት አካፍል፤ ቀሪው ሦስት ከሆነ ስድስት ነው ይላል። 5500 ራሱ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ደምሩት አትደምሩት ቀሪው ያው ነው። ሰውዬው ሉቃስ የሚለውን ስም ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቁጥሩ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር ነው።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ላይብረሪው ካላንደሩን ሲሥል ልክ ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አሳይቶናል። የተቃወመው ልጁ ራሱ ከሥር የጨመራት የማጣሪያ መስመር ናት። እሷም «ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ከተካፈለ» ትላለች። የፈረንጆቹ የካቲት 29 ሕግ ነው፤ ያውም ግማሹ ብቻ። ክፍል ውስጥ ለመልመጃ የተሠራውን ሳያስብበት ወደዚህ አምጥቶ ለጥፎታል።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ኩረጃው ይቺ ናት» አለ። «ያንኛውን ስም ጽፈህ ነው የወሰድከው፤ ሰውዬው የሚያደርገውን አውቆ ነው የጻፈው። ይቺን ግን የራሴ ናት ያልካትን፣ ሳታውቃት ነው የጻፍካት።»

ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቅ ሰው ስለ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ትክክለኛ ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ሰዓት ድረስ በልቤ ከልጁ ጋር ነበርኩ፤ አባትየው ዘመኑ ያልገባው መስሎኝ ነበር። ፈቃዱ ላይ ያለችውንም ሌላ ዓረፍተ ነገር ያስተዋልኳት ከዚያ በኋላ ነው። የኤምአይቲ ፈቃድ መጨረሻ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ይህ ነገር ባይሠራ ወይም ጉዳት ቢያደርስ ጸሐፊው ተጠያቂ አይደለም የሚል አለበት። በነጻ የተሰጠ ነገር ዋስትና የለውም። የሚፈትነው የሚጠቀምበት ሰው ነው። እኛ ቤት የፈተነችው ደግሞ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ምክንያቱም መልሱን የምታውቀው እሷ ነበረች።

ስለዚህ ልጃችሁ የሌላ ሰው ኮድ ሲጠቀም ብታዩ ገልባጭ ነው ብላችሁ አትቆጡት። ዛሬ ማንም ፕሮግራመር ከባዶ አይጀምርም፤ ከባዶ ልጀምር የሚል ካለ ጊዜውን ነው የሚያባክነው። ይልቅ ከጎኑ ተቀመጡና ያቺ መስመር ምን እንደምታደርግ በተራ አማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ካወቀ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል። ካላወቀ የእንግሊዝኛ ቃል ያበዛባችኋል፤ ያን ጊዜ ግር የሚላችሁ የእናንተ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። የባለቤቱ ስም ከፋይሉ አናት ላይ ተፍቆ እንደሆነም ጠይቁት። ወጣቶቹ መካከል ጄኩዌሪ አርጅቷል፣ ብራውዘሮቹ ዛሬ ተስማምተዋል፣ መሀል ገቢ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አላቸው፤ አዲስ ትልቅ ሥራ የሚጀምር ሰው ዛሬ በብዛት ሌላ ይመርጣል። የእኛ ልጅም ከሥሩ ያለውን ጃቫስክሪፕት ሳይማር ጄኩዌሪን ብቻ ይዞ እንዳይቀር መክሬዋለሁ። ጳጉሜን የሚያውቅ ካላንደር በፈለገ ጊዜ ግን መልሱን ያገኘው ከዚሁ ካረጀው ዘንድ ነው።

መስመሯን ለማረም አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ዜሮውን ሦስት አደረገው። ለማረጋገጥ እናታችን አጠገቡ ተቀምጣ ዘመን እየጠራች አስፈተሸችው፤ 2003፣ 2007፣ 2011፣ 2015፣ ወደ ፊትም 2019። ሁሉም ሉቃስ ናቸው፤ ሁሉም ስድስት አላቸው። የጎረቤት ልጅ ገባ።

ቅጹን በፍላሽ ይዞ ወሰደላቸው። መዝጋቢዋ ደስ ብሏት አየችው፤ ነገር ግን እሷ በራሷ የምትለውጠው አይደለም፤ ከላይ መፈቀድ አለበት፤ እስከዚያው የልጅቷ ቀን የልደት ምስክር ወረቀቷ ታይቶ በእስክሪብቶ ታርሟል፣ ማኅተም ተደርጎበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ግን እስካሁን መስከረም 3 ነው። እናቷ የታረመውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጋ ሦስት ቦታ አስቀምጣዋለች፤ አንዱ እኔ ጋ ነው። ጳጉሜ የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ከፈተና ምዝገባ በፊት ሄዳችሁ እዩ። በወረቀት ሲሞላ ልክ የነበረው ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሊለወጥ ይችላል።

ልጁ አሁን ሌላ ነገር ጀምሯል። የአማርኛ ስሞች ያሉበትን ያቺን ትንሽ ፋይል ሲከፍታት፣ ውስጧ ያለው የቀኖችና የወሮች ስም ዝርዝር ብቻ ነው። ታዲያ የካፊኖኖውም በዚሁ መልክ ቢዘጋጅስ አለ። ሠርቶ እንደ ሌሎቹ ክፍት አድርጎ ሊያስቀምጠው ነው፤ የሚፈልግ ይወስዳል። ስሞቹን የምትነግረው እናታችን ናት። በላቲን ፊደል አጻጻፉን የሚያርመው ጋሼ ነው። አንድ ቃል ላይ የድምፁ ርዝመት እንዴት ይጻፍ በሚለው ተጣልተው እራት ቀዝቅዟል። እናታችን አንዱን ስም ከነገረቻቸው በኋላ «ስሜን አናቱ ላይ ጻፈው» ብላዋለች፤ ቀልዷን ይሁን የምሯን አልለየሁም። እኔ በማግስቱ ማለዳ የጅማውን መኪና ስይዝ ገና ረቡዕ ላይ ነበሩ።